ሮማን ያናወጠው ዓመት፦ የ133 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የመሬት ሕግና አፈጻጸሙ

ከክርስቶስ ልደት በፊት 133ኛው ዓመት በጥንታዊው የሮማና የግሪክ ዓለም ታሪክ ከፍተኛ ቀውስ ከታየባቸው ዓመታት አንዱ ነው። በስፔን ለዓመታት የዘለቀው የኑማንቲያ ጦርነት የተቋጨው በዚሁ ዓመት ነበር። በሲሲሊ ደሴት የተቀሰቀሰው የባሮች አመጽ የሮማን ጦር እየፈተነ ነበር። በትንሿ እስያ የጴርጋሞን ንጉሥ ሦስተኛው አታሎስ ልጅ ሳይተካ በመሞቱ መንግሥቱን ለሮማ ሕዝብ መናዘዙ ታወቀ። በሮማ ከተማ ደግሞ አንድ የመሬት ሕግ ጸድቆ ሦስት አባላት ያሉት አስፈጻሚ ኮሚሽን ከተሰየመ ከወራት በኋላ የሕጉ አመንጪ ጢባርዮስ ግራኩስ ከ300 ከሚበልጡ ደጋፊዎቹ ጋር በጠራራ ፀሐይ ተገደለ።

እነዚህ አራት ክስተቶች አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ይተረኩ እንጂ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ናቸው። የሚያስተሳስራቸው መሬት ነው፤ ይልቁንም መሬትን የሚመለከት ሕግ በማን ገንዘብ፣ በየትኛው ሥርዓትና በማን ሥልጣን ይፈጸማል የሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ በመሆናቸው፣ ቁጥሩ እያነሰ ሲሄድ ዘመኑ ወደፊት እየገፋ መሆኑን ልብ ይሏል።

ለመሆኑ የችግሩ መነሻ ምን ነበር? ሮማ የኢጣሊያን ሕዝቦች በጦርነት ስታስገብር ከተሸናፊዎቹ የእርሻ መሬት የተወሰነውን እየወሰደች የመንግሥት መሬት ታደርግ ነበር። ከዚህ መሬት ከፊሉ ለሰፋሪዎች ይከፋፈላል፣ ከፊሉም ይሸጣል ወይም ይከራያል። በጦርነት ወድሞ ጠፍ የቀረው ግን አልምቶ ሊጠቀምበት ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነበር። የታሪክ ጸሐፊው አፒያን እንደሚለው አራሹ ከእህሉ አንድ አሥረኛውን፣ ከፍራፍሬው አንድ አምስተኛውን ለመንግሥት መክፈል ይጠበቅበት ነበር። ከጊዜ በኋላ ባለጸጎች የደካማ ጎረቤቶቻቸውን ማሳ ጭምር በግዥም በጉልበትም እየጠቀለሉ ሰፋፊ ይዞታዎችን መሠረቱ።

ማንም ሰው ከ500 ዩገራ በላይ የመንግሥት መሬት እንዳይዝ የሚከለክል ሕግ ቀደም ሲል ወጥቶ ነበር። 500 ዩገራ 125 ሄክታር ገደማ ሲሆን በቀድሞው የኢትዮጵያ ልኬት ሦስት ጋሻ ያህል መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ባለይዞታዎቹ ትርፉን መሬት በሌላ ሰው ስም እያስያዙ፣ ኋላም ያለ ምንም ሽፋን በራሳቸው ስም እየያዙ በመቀጠላቸው ሕጉ ከስም ያለፈ ፋይዳ አልነበረውም። ተከታትሎ የሚያስፈጽመው አካል አልነበረምና።

ጉዳዩ የድሆች አቤቱታ ብቻ አልነበረም። በሮማ ሥርዓት ለውትድርና የሚመለመለው የተወሰነ ሀብት ያለው ዜጋ ነው። አነስተኛ ይዞታ ያለው ገበሬ ለዓመታት ወደ ስፔን ዘምቶ ሲመለስ ማሳው ጠፍ ሆኖ ወይም በባለጸጋ ጎረቤቱ ተይዞ ይጠብቀዋል። ባሪያ በአንጻሩ ለዘመቻ ስለማይጠራ ባለጸጋው መሬቱን በባሮች ማሳረሱን ይመርጣል። መሬቱን ያጣው ገበሬ ደግሞ ከምልመላ መዝገብ ይወጣል። በመሆኑም የመሬት ጥያቄው የጦር ኃይል ጥያቄም ነበር።

በእርግጥ የገበሬው ቁጥር ምን ያህል ቀንሶ እንደነበር ዛሬም ተመራማሪዎችን ያከራክራል። ከሊቪ የታሪክ መጽሐፍ በተወሰዱ ማጠቃለያዎች እንደተመለከተው በ136 አካባቢ በተካሄደው ቆጠራ የተመዘገቡት ዜጎች 317,933 ሲሆኑ፣ በ125 አካባቢ ቁጥሩ 394,736 ደርሷል። ጭማሪው የመጣው ሕዝቡ ስለበዛ ነው ወይስ ቀደም ሲል ከምዝገባ ይሸሹ የነበሩ ሰዎች መሬት አግኝተው ስለተመዘገቡ ነው በሚለው ላይ ስምምነት የለም።

ጢባርዮስ ሴምፕሮኒዩስ ግራኩስ ከሮማ ታላላቅ ቤተሰቦች የተወለደ ነው። እናቱ ኮርኔሊያ ካርቴጅን ድል ያደረገው የስኪፒዮ አፍሪካኑስ ልጅ ስትሆን፣ አባቱም ሁለት ጊዜ ኮንሱል፣ ማለትም ከዓመቱ ሁለት የበላይ ሹማምንት አንዱ፣ ሆኖ ነበር። ጢባርዮስ በ137 በኑማንቲያ ግንባር የጦሩ የገንዘብና የሂሳብ ሹም ሆኖ ሲያገለግል አዛዡ ማንኪኑስ ተሸንፎ ጦሩ ተከበበ። ከኑማንቲያ ሰዎች ጋር ተደራድሮ ውል ያስገባው ይኸው ወጣት ሹም ነበር። ፕሉታርክ በዚህ ውል 20,000 የሮማ ዜጎች ከሞት መትረፋቸውን ጽፏል።

ከዚሁ ጋር በተያያዘ ፕሉታርክ የመዘገበው አንድ ገጠመኝ የመንግሥት ሂሳብ ለሚይዝ ሁሉ ትኩረት የሚስብ ነው። የኑማንቲያ ሰዎች የሮማውያንን ሰፈር ሲይዙ የጢባርዮስ የሂሳብ መዝገቦችም አብረው ተወስደው ነበር። ጦሩ መንገድ ከጀመረ በኋላ ጢባርዮስ ጥቂት ጓደኞቹን አስከትሎ ወደ ከተማይቱ ተመለሰና መዝገቦቹ እንዲሰጡት ጠየቀ። ያለ መዝገብ ሮማ ቢገባ ስላስተዳደረው ገንዘብ መልስ መስጠት እንደማይችል፣ ጠላቶቹም ስሙን እንደሚያጠፉበት ያውቅ ነበር። ሰዎቹ በአክብሮት ተቀብለው ምሳ ጋበዙት፤ መዝገቦቹንም መለሱለት። ከተማረከው ንብረት የወደደውን እንዲወስድ ቢፈቅዱለትም ለመንግሥታዊ መሥዋዕት ይጠቀምበት ከነበረው ዕጣን በስተቀር ምንም አልነካም።

ሴኔቱ ግን ውሉን አላጸደቀም። ማንኪኑስ ልብሱ ተገፎና እጁ ታስሮ ለኑማንቲያ ሰዎች እንዲሰጥ ተደረገ፤ እነርሱም አንቀበልም አሉ። በመጨረሻ የጢባርዮስ የእህት ባል ስኪፒዮ ኤሚሊያኑስ ዘምቶ ከተማይቱን ዙሪያዋን በቅጥርና በምሽግ ዘጋት። በ133 ክረምት ላይ ኑማንቲያ በረሃብ ተሸንፋ እጇን ሰጠች፤ ከተማይቱ ፈረሰች፤ የተረፉት ነዋሪዎችም ለባርነት ተሸጡ። በዚያ ከበባ ከስኪፒዮ ጎን ከተሰለፉት መካከል የጢባርዮስ ታናሽ ወንድም ጋይዩስ፣ ኋላ ሰባት ጊዜ ኮንሱል የሆነው ማሪዩስና የኑሚዲያው ልዑል ዩጉርታ ይገኙበታል።

ሲሲሊ የሮማ የእህል ጎተራ ነበረች። ከ135 ገደማ ጀምሮ በደሴቲቱ ሰፋፊ እርሻዎችና የግጦሽ ስፍራዎች የሚሠሩ ባሮች አምጸው፣ በከፍታ ላይ የተመሠረተችውን ኤና ከተማ ያዙ። መሪያቸው ኤውኑስ የተባለ የሶርያ ተወላጅ ሲሆን ዘውድ ጭኖ ስሙን በሶርያ ነገሥታት ልማድ አንጥዮኮስ አሰኝቷል። አመጹ የተነሳው ዳሞፊሉስ በሚባል ባለጸጋና በባለቤቱ ጭካኔ ምክንያት እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊው ዲዮዶሮስ ይገልጻል። ዓማፅያኑ ሁለቱንም ሲገድሉ ለባሮቹ ታዝን የነበረችውን ልጃቸውን ግን ሳይነኩ አጅበው ወደ ዘመዶቿ መላካቸውንም ጽፏል። በ133 ኮንሱሉ ካልፑርኒዩስ ፒሶ ወደ ኤና ዘምቶ ነበር፤ ስሙ የተቀረጸባቸው የወንጭፍ እርሳሶችም በአካባቢው ተገኝተዋል። ከተማይቱ የወደቀችው ግን በተከታዩ ዓመት ነው። ጢባርዮስ ለሕጉ ሲከራከር የሲሲሊን ሁኔታ በማስረጃነት ይጠቅስ እንደነበር አፒያን ያስረዳል፦ ባሪያ ለውትድርና አይጠቅምም፣ ለጌታውም የሚታመን አይደለም የሚል ነበር ሙግቱ።

ጢባርዮስ የሕዝብ ትሪቡን ሆኖ ሥራ የጀመረው ታኅሣሥ 134 ነው። ትሪቡኖች በየዓመቱ በሕዝብ የሚመረጡ አሥር እንደራሴዎች ናቸው። አንዱ ትሪቡን ብቻውን እከለክላለሁ ቢል ማንኛውም ረቂቅ ወይም ውሳኔ ይቆማል። አካላቸውም በሃይማኖታዊ መሐላ የተጠበቀ በመሆኑ በትሪቡን ላይ እጅ ማንሳት ከባድ ወንጀል ነበር።

ረቂቅ ሕጉ በችኮላ የተሰናዳ አልነበረም። በዝግጅቱ ከተሳተፉት መካከል የዓመቱ ኮንሱልና የሕግ ሊቅ ሙኪዩስ ስኬቮላ፣ በኋላ የሮማ የበላይ ካህን የሆነው ክራሱስና የጢባርዮስ አማት አፒዩስ ክላውዲዩስ ይገኙበታል። በረቂቁ መሠረት ነባር ባለይዞታዎች 500 ዩገራ ይቀርላቸዋል፤ ልጆች ላሏቸው ተጨማሪ መሬት ይፈቀዳል። ከዚያ በላይ ያለው ወደ መንግሥት ተመልሶ ለድሆች ዜጎች ይከፋፈላል። የተሰጠው መሬት እንዳይሸጥም ይከለከላል፤ አለበለዚያ ባለጸጎቹ መልሰው ይገዙታልና። ሦስት አባላት ያሉት ኮሚሽንም ለአፈጻጸሙ ይቋቋማል። የቀድሞው ሕግ የጎደለው ይህ አካል ስለነበረ ከረቂቁ ሁሉ ቁም ነገር ያለው ድንጋጌ ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ላይሊዩስ የተባለ ሹም ተመሳሳይ ሐሳብ አንስቶ የባለጸጎቹን ተቃውሞ ሲመለከት መተዉና በዚህም "ጠቢቡ" መባሉ ይነገራል። ጢባርዮስ ግን አልተመለሰም። በተለመደው አሠራር ረቂቁን አስቀድሞ ለሴኔት ከማቅረብ ይልቅ በቀጥታ ወደ ሕዝብ ጉባኤ ወሰደው። በጉባኤው ዕለት ባልደረባው ትሪቡን ማርኩስ ኦክታቪዩስ እከለክላለሁ በማለቱ የሕጉ ንባብ ተቋረጠ። ኦክታቪዩስ ራሱ ብዙ የመንግሥት መሬት የያዘ ስለነበር ጢባርዮስ ተቃውሞውን ቢተው የመሬቱን ዋጋ ከግል ገንዘቡ እንደሚከፍለው ቃል ገባለት። ኦክታቪዩስ አልተቀበለም።

ከዚህ በኋላ ፍጥጫው ከረረ። ጢባርዮስ ሕጉ ድምፅ እስኪሰጥበት ድረስ የመንግሥት ሥራ ሁሉ እንዲቆም አወጀ፤ ግምጃ ቤቱ በሚገኝበት በሳተርን ቤተ መቅደስ ላይም ማኅተሙን አሳርፎ ገንዘብ እንዳይወጣና እንዳይገባ አደረገ። በመጨረሻም ኦክታቪዩስ ከሥልጣኑ እንዲነሳ ለሕዝብ ጥያቄ አቀረበ። ሕዝቡ ድምፅ የሚሰጠው በ35 የድምፅ ክፍሎች ተመድቦ ሲሆን 18 ድምፅ አብላጫ ነው። 17ቱ ክፍሎች ኦክታቪዩስ ይነሳ ብለው ከወሰኑ በኋላ ጢባርዮስ ሂደቱን ለአፍታ አስቁሞ ባልደረባውን አቅፎ ለመነው። ኦክታቪዩስ ዕንባ ቢቀድመውም ወደ ባለጸጎቹ ወገን ሲመለከት እንደገና ጸና። 18ኛው ክፍል ድምፁን ሰጠ፤ ኦክታቪዩስም ከመድረኩ ተጎትቶ ወረደ።

ሕጉ ጸደቀ። ነገር ግን በዚህች አንዲት ድምፅ የተከፈለው ዋጋ ከባድ ነበር። የትሪቡን ተቃውሞ የተፈጠረው ሕዝቡን ከሹማምንት በደል ለመጠበቅ ነው፤ በሌላ በኩል ኦክታቪዩስ በዚያው ሥልጣን የሕዝቡን ፍላጎት ማገዱ እውነት ነው። ጢባርዮስም የሕዝብን ጥቅም የሚጎዳ ትሪቡን ትሪቡንነቱ ይቀራል ሲል ተከራክሯል። ክርክሩ ጠንካራ ቢሆንም የሕዝብን ጥቅም ጎድቷል የሚለውን ማን እንደሚወስን አልመለሰም። ጉባኤው በባልደረባው ላይ ያደረገውን ነገ በራሱ በጢባርዮስ ላይ እንዳያደርግ የሚከለክል ነገር አልነበረም። ከተጠያቂነትም ሆነ ከጠላት የሚከልለው የተከበረው ሹመቱ ብቻ ሲሆን፣ ያም የአንድ ዓመት ዕድሜ ነበረው።

የኮሚሽኑ አባላት ሆነው የተመረጡት ጢባርዮስ ራሱ፣ አማቱ አፒዩስ ክላውዲዩስና ገና በኑማንቲያ ግንባር የነበረው ወንድሙ ጋይዩስ ናቸው። ሦስቱም የአንድ ቤት ሰዎች በመሆናቸው ተቃዋሚዎቹ ለመንቀፍ ምክንያት አላጡም፤ በዚህ ረገድ ነቀፋው ያለ መሠረት ነበር ማለትም አይቻልም።

ሴኔቱ ሕጉን መሻር ባይችል በጀቱን ያዘ። በመንግሥት ሥራ ወደ መስክ የሚወጡ ሹማምንት ድንኳን የሚሰጣቸው ቢሆንም ለኮሚሽኑ ሲጠየቅ ተከለከለ፤ የውሎ አበሉም በቀን ዘጠኝ ኦቦል፣ ማለትም አንድ ድራክማ ተኩል ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ሐሳቡን ያቀረበው ብዙ የመንግሥት መሬት የነበረው ስኪፒዮ ናዚካ ነው። ቀያሾች መቅጠር፣ ወሰን ማስከበር፣ ለአዲስ ሰፋሪ በሬና ዘር ማቅረብ የሚጠይቀውን ወጪ ለሚያውቅ ሰው የውሳኔው ዓላማ ግልጽ ነው።

የጴርጋሞን ኑዛዜ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነበር። ጴርጋሞን በዮሐንስ ራእይ ከተጠቀሱት ሰባት ከተሞች አንዷ ስትሆን በዘመኑ የባለጸጋ መንግሥት መናገሻ ነበረች። ኤውዴሙስ የተባለው መልእክተኛ የአታሎስን ኑዛዜ ይዞ ሮማ ሲገባ ጢባርዮስ የንጉሡ ገንዘብ መሬት ለደረሳቸው ዜጎች የእርሻ ዕቃ ማሟያ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። በግዛቲቱ ያሉ ከተሞችን ጉዳይም ሴኔት ሳይሆን ሕዝቡ እንዲወስን ጠየቀ። የውጭ ጉዳይና የገንዘብ አስተዳደር ከጥንት ጀምሮ በልማድ የሴኔት ድርሻ በመሆኑ ይህ እርምጃ ከመሬት ሕጉ ይበልጥ አስቆጣ። ጎረቤቱ ነኝ ያለ አንድ የሴኔት አባል ኤውዴሙስ ለጢባርዮስ የንጉሥ ዘውድና ሐምራዊ ካባ ሰጥቶታል ሲል ተናገረ። ንግሥናን በሚጠላው የሮማ ሕዝብ ዘንድ ከዚህ የከፋ ክስ አልነበረም።

ጢባርዮስ ለተከታዩ ዓመት ዳግም ለትሪቡንነት ተወዳደረ። አንድ ሰው በተከታታይ መመረጥ ይችላል ወይ የሚለው በዚያው አከራካሪ ነበር። ዋነኞቹ ደጋፊዎቹ ገበሬዎች ሲሆኑ ወቅቱ የአጨዳ ስለነበር ብዙዎቹ አልመጡም። በምርጫው ዕለት በካፒቶል ኮረብታ ላይ ግርግር ተነሳ። ድምፁ የማይሰማው ጢባርዮስ አደጋ እንደመጣበት ለማመልከት እጁን ወደ ራሱ ሲያመለክት ተቃዋሚዎቹ ዘውድ ጠየቀ ብለው ወደ ሴኔት ሮጡ። ናዚካ ኮንሱሉ አምባገነኑን እንዲያስወግድ ጠየቀ። ስኬቮላ ግን እርሱ ኃይል የሚጠቀም የመጀመሪያው ሰው እንደማይሆን፣ ማንንም ዜጋ ያለ ፍርድ እንደማይገድል፣ ሕዝቡ ተገፋፍቶ ሕገ ወጥ ውሳኔ ቢያሳልፍ ግን እንደማይቀበለው መለሰ። ይህ መልስ በዚያ ቀን ከተነገሩት ሁሉ ሕግን የጠበቀው ነበር፤ የሰማው ግን አልተገኘም።

ናዚካ ሪፐብሊኩን ማዳን የሚፈልግ ይከተለኝ ብሎ የካባውን ጫፍ በራሱ ላይ አድርጎ ወጣ። የሴኔት አባላቱና ተከታዮቻቸው ከተሰባበሩ አግዳሚ ወንበሮች እግሮቹን እየነቀሉ በዱላና በድንጋይ ሕዝቡን መቱ። ጢባርዮስን መጀመሪያ የመታው ሳቱሬዩስ የተባለ የገዛ ባልደረባው ትሪቡን እንደነበር ፕሉታርክ ይገልጻል። በዚያ ቀን ከ300 የሚበልጡ ሰዎች ሲገደሉ አንዳቸውም በሰይፍ አልሞቱም። ወንድሙ አስከሬኑን በሌሊት ልቅበር ብሎ ቢለምንም ተከለከለ፤ ሬሳዎቹም ቲቤር ወንዝ ተጣሉ። በተከታዩ ዓመት በኮንሱሎቹ የሚመራ ልዩ ችሎት ተሰይሞ ከደጋፊዎቹ ብዙዎችን ቀጣ።

የጴርጋሞን ሰዎች በበኩላቸው የሮማን ውሳኔ ሳይጠብቁ እርምጃ ወስደው ነበር። ከንጉሡ ሞት በኋላ ከተማይቱ ለመጻተኛ ነዋሪዎችና ለወታደሮች ዜግነት መስጠቷን በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ውሳኔ ያስረዳል፤ ሰነዱ ኑዛዜው በሮማውያን መጽደቅ እንደሚቀረውም ይጠቅሳል። ብዙም ሳይቆይ የቀድሞው ንጉሥ የኤውሜኔስ ልጅ ነኝ የሚል አሪስቶኒኮስ ዙፋኑን ጠየቀ። በኤፌሶን መርከቦች ድል ሲሆን ወደ ውስጥ አገር ገብቶ ድሆችንና ነፃነት ቃል የገባላቸውን ባሮች አሰለፈ። ሊወጋው የዘመተው ኮንሱል የመሬት ሕጉን ካረቀቁት አንዱ የሆነው ክራሱስ ሲሆን በዚያው ተገደለ። አሪስቶኒኮስ የተያዘው በ130 ነው። ናዚካም የሕዝቡ ጥላቻ ስለበረታበት ሴኔቱ በመልእክተኝነት ስም ወደ እስያ ልኮት በጴርጋሞን ሞተ። አዲሱ ግዛት የእስያ ክፍለ ሀገር ተብሎ ተደራጀ፤ ከ123 ጀምሮም ግብሩ ሮማ ላይ በጨረታ ለኩባንያዎች ይሸጥ ጀመር። ተጫራቾቹ ከከፈሉት በላይ ለመሰብሰብ ነዋሪውን ማስጨነቃቸው የተለመደ ሆነ።

የመሬት ሕጉ ግን አልተሻረም። ሴኔቱ በጢባርዮስ ምትክ ክራሱስ በኮሚሽኑ እንዲተካ ፈቀደ፤ ሥራውም ቀጠለ። ያን ጊዜ የታየው ችግር የፖለቲካ ሳይሆን የመዝገብ ነበር። አፒያን እንደሚያብራራው ብዙው ይዞታ የግዥም ሆነ የድልድል ሰነድ አልነበረውም፤ ሰነድ የተገኘበትም አሻሚ ነበር። ዱሮ የተለካው በጥንቃቄ አልተለካም። የግሉና የመንግሥቱ መሬት በውርስ፣ በጥሎሽና በሽያጭ ተቀላቅሏል። ቅየሳው ሲካሄድ አንዳንዱ ከለማ ማሳው ተነስቶ ረግረግ ወይም ጠፍ መሬት ደረሰው። ከሁሉ በላይ የሮማ ዜግነት የሌላቸው የኢጣሊያ አጋሮች መሬታቸው ሲነካ ሕጉ በወጣበት ጉባኤ ድምፅ አልነበራቸውም። አቤቱታቸውን ይዘው ወደ ስኪፒዮ ኤሚሊያኑስ ሄዱ።

በ129 በስኪፒዮ አሳሳቢነት የትኛው መሬት የግል፣ የትኛው የመንግሥት እንደሆነ የመዳኘት ሥልጣን ከኮሚሽኑ ተወስዶ ለኮንሱሉ ቱዲታኑስ ተሰጠ። ቱዲታኑስ የጉዳዩን ውስብስብነት ሲያይ ወደ ኢሊሪያ ዘመተ። ክርክሩን የሚያይ ዳኛ በመጥፋቱ ሥራው ቆመ። ጋይዩስ በ123 ትሪቡን ሆኖ የወንድሙን ሕግ ቢያድስም በ121 እርሱም በተመሳሳይ ሁከት ሞተ።

ከኮሚሽኑ ሥራ ዛሬ የሚታየው በደቡብ ኢጣሊያና በሌሎች አካባቢዎች የተገኙ ከአሥር የሚበልጡ የወሰን ድንጋዮች ናቸው። በብዙዎቹ ላይ የሦስት ሰዎች ስም በየማዕረጋቸው ተቀርጿል፦ ጋይዩስ ሴምፕሮኒዩስ፣ አፒዩስ ክላውዲዩስ፣ ፑብሊዩስ ሊኪኒዩስ ክራሱስ። ጢባርዮስ ድንጋዮቹ ከመተከላቸው በፊት ስለሞተ ስሙ የለበትም።